ሲስተር ጉዲቱ የመለሰችው ድንኳን

ዛሬ ቅዳሜ፣ ግንቦት 27 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው። ከጠዋት ጀምሮ ነፋስ ነው። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን ሳይዝ አይመጣም፤ ይኸው በነጠላችን ላይ እያራገፈው ነው። በአሰላ በኩል ደመና ጠቁሯል። ቀብሯን እስክንፈጽም ይታገሠናል ብዬ አስባለሁ።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፤ አባባ መርጋ፣ ከኩየራ መጥተው የልጅዎን ትራስ ሲያቃኑ የከረሙ፤ ዶክተር አምባዬ፤ የሆስፒታሉ ሠራተኞች፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤ የእድራችን ዳኛና አባላት፤ መኪናችሁን በመንገድ ዳር ደርድራችሁ የመጣችሁ ሹፌሮች፤ ባለጋሪዎች፤ ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም ሰፈር የመጣችሁ ጎረቤቶች፤ አንድ ቀን ሲስተር ጉዲቱ መርፌ የወጋቻችሁ ሁሉ፤ ስለ ደረሳችሁላት አምላክ ብድራችሁን ይክፈል።

እኔ አረጋሽ ነኝ። የሹፌሩ የሁንዴ ሚስት። ከጉዲቱ ጋር አንድ አጥር ለሁለት ይዘን ነው የኖርነው። በእህል መጋዘኑ ጆንያ እሰፋለሁ። ፊደልም የለየሁት ከዚያው ከጆንያው ጽሑፍና ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ንግግሬ ቢያነክስ ታገሡኝ። ሴት በመቃብር አፋፍ ቆማ መናገሯም እምብዛም አልተለመደም። ግን ትናንት አባባ መርጋ ጠሩኝና «አንቺ እንድትናገሪ አደራ ብላለች» አሉኝ።

«ስንት አንደበተ ርቱዕ እያለ ለምን እኔ?» አልኳቸው።

«‹አረጋሽ ዝምተኛ ናት፤ ሰው በፀሐይ አታቆምም› ብላለች» አሉኝ።

ይኸውላችሁ። ለቀብሯም ቀልድ አስቀምጣ ነው የሄደችው። ጉዲቱ፣ ለዛሬ ግን ተሳስተሻል። ዛሬ አስረዝማለሁ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባው ሲነፋ የት ነበራችሁ? እኔ በሬ ላይ ቆሜ ነበር። ጋሽ ጆቴ፣ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ፣ «ሲስተር ጉዲቱ መርጋ አርፋለች!» እያሉ ሲያልፉ ድምፃቸው ይቆራረጥ ነበር። ማረፏን አውቃለሁ። ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ። ግን ሞኝ ሆንኩ። መንገዱን ማየት ጀመርኩ። ነጭ ገዋኗን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በብብቷ ይዛ፣ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ብላ «ማን አረፈ?» እስክትል ጠበቅኩ።

ለምን እንደጠበቅኩ ጋሽ ጆቴ ያውቃሉ። ሰፈሬ ያውቃል። ለማታውቁት ልንገራችሁ።

ኅዳር 1977 ነበር። ሁንዴ ከአቦምሳ በቆሎ ጭኖ ገባ። መናኸሪያው አጠገብ ኤንትሬ የጭነት መኪናውን አቁሞ ሸራውን እንደገና ሲያጠብቅ ገመዱ ተበጠሰ። ከጭነቱ አናት በጀርባው ወደቀ። አስፋልቱ የኋላ ራሱን መታው። ተሸክማችሁ ሆስፒታል ያደረሳችሁት እናንተ ሹፌሮች ናችሁ። እኔ ስደርስ ዓይኑ ግማሽ ተከፍቶ ነበር፤ ግን አያየኝም። ስጠራው አይሰማም። ያንኮራፋል። ልክ ቤቱ እንደተኛ ሰው ያንኮራፋል። እሱ ነበር ያስፈራኝ።

ዶክተር አምባዬ መረመሩት። «ራሱ ውስጥ አብጧል» አሉኝ። እኔ ምን ይገባኛል? ራሱን ደባበስኩት። ያበጠ ነገር የለም።

«የታል እብጠቱ?» አልኩ።

ጉዲቱ ከአልጋው ማዶ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ናት። በርጩማ ሳበችና ቁጭ ብላ ነጭ ጫማዋን አወለቀች። እግሯ አብጦ የጫማው ጠርዝ ሰንበር አውጥቶበታል።

«አየሽ አረጋሽ» አለችኝ፤ «እግሬ ሲያብጥ ጫማዬን አወልቃለሁ። አንጎል ሲያብጥ ግን የራስ ቅል አይወልቅም። ውስጡ ያለው እርስ በርሱ ይጨናነቃል። አሁን የምንሰጠው መርፌ እብጠቱን ያበርድለታል ብለን ነው። ዴክሳሜታዞን ይባላል። እኛ ዴክሳ እንለዋለን።»

«ያድነዋል?»

እዚህ ላይ ስሙኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞሽ፣ ይድናል» ይለኝ ነበር። እሷ ጫማዋን መልሳ አጠለቀችና «አላውቅም» አለችኝ። «አንዳንዱ ይነሳል። አንዳንዱ አይነሳም። የተነሳውንም መድኃኒቱ ያንሳው ዕድሜው ያንሳው፣ ሐኪሞቹም ገና ይከራከሩበታል። እኔ የማውቀው፣ በየስድስት ሰዓቱ እንደምወጋው ነው።»

እናንተ ምን ትሉ ነበር? እኔ ግን በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ያሳረፈኝ ያ «አላውቅም» ነው። ከዚያ በኋላ የምትነግረኝን ሁሉ አመንኳት።

ከሁንዴ አጠገብ ባለው አልጋ አንድ የመርቲ ገበሬ ተኝተው ነበር። በቅሎ ራሳቸውን ረግጣቸው። ያንኑ መርፌ ነበር የሚወጉት፤ በዚያችው እጅ። እሳቸው አልተነሱም። ጉዲቱ አጠበቻቸው፣ አገጫቸውን አሰረች፣ በረንዳው ላይ ሚስታቸውን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ገባችና ሁንዴን ወጋችው። እኔ እጇን እያየሁ ነበር። መርፌዋ ቦታውን አልሳተም። መጸለይዋንም አውቃለሁ፤ እንዴት እንደምትጸልይም አውቃለሁ። ዘመኑ ዘመን ነውና ከዚህ በላይ አልናገርም።

ግን ጉዲቱን ያስቸገራት እብጠቱ ብቻ አልነበረም። ማን ነበር? እኛ ነበርን።

እውነቴን ነው። እናንተ ሹፌሮች፣ እኛ ጎረቤቶች፣ የአቦምሳ ዘመድ፣ ሁላችን ጠያቂ ሆነን መጣን። እሷ የአልጋውን ራስጌ በጡብ ከፍ አድርጋዋለች። ራሱ እንዳይዞር ግራና ቀኝ በጨርቅ ጥቅል ደግፋዋለች። ዓይኑ ላይ ብርሃን እንዳያርፍ በሻሽ ሸፍናለታለች። እኛ ደግሞ እየገባን እንስመዋለን። አንዱ በግራ ጉንጩ፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ አንገቱን አቅፎ ቀና እያደረገ። በሽተኛ ጠይቆ ሳይስሙ መውጣት ነውር ነው መቼም።

«እባካችሁ ራሱን አታንቀሳቅሱት» ትላለች።

«አይ ሲስተር! እኔ እኮ አብሮ አደጉ ነኝ!»

«አብሮ አደጉ ከሆኑ እግሩን ይሳሙ።»

በዚያ ሰሞን በናዝሬት እግሩ ሲሳም የሰነበተ ሹፌር ሁንዴ ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ጠዋት አንድ ሹፌር፣ ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ ቆሞ መሬት መሬት እያየ ነው፣ በሆስፒታሉ መስኮት አጮልቆ ያያል። ሁንዴ ተጋድሟል። ፊቱ ላይ ጨርቅ አለ። የጎረቤቱ አልጋ ባዶ ሆኗል። ሌላ ምን ይፈልጋል? «ሸፍነውታል!» ብሎ ሮጠ። ጋሽ ጆቴ ጡሩምባቸውን አነሱ።

ጋሽ ጆቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ሳልናገር አልቀመጥም።

እኔ የሁንዴን ሸሚዝ ላጥብ ቤት መጥቼ ነበር። እጄ አረፋ ውስጥ እንዳለ «ሹፌር ሁንዴ አርፏል!» ሲባል ሰማሁ። አማቴ እማማ ቡዜ ጮኹ። እኔ ሸሚዙን ማጠቤን ቀጠልኩ። አንገትጌውን አሸሁት፣ አሸሁት። የእድሩ ጎረምሶች ድንኳኑን በጋሪ አምጥተው በደጃችን እንጨት መትከል ጀመሩ።

ያኔ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አለች። ተረኛ አድራ ወደ ቤቷ መምጣቷ ነው። ነጭ ገዋን፤ ቦርሳ በብብት።

«ማን አረፈ?» አለች።

«ሁንዴ ነዋ፣ ሲስተር!» አሉ ጋሽ ጆቴ።

«የቱ ሁንዴ?»

«የአረጋሽ ባል! አልሰማሽም እንዴ?»

«እሱን አሁን መርፌ ወግቼው መምጣቴ ነው። እኛ ሬሳ አንወጋም፣ ጋሽ ጆቴ።»

ጋሽ ጆቴ ጡሩምባውን ከኋላቸው ደበቁት።

«የተነፋ ጡሩምባ እኮ አይመለስም» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው ሌላ ይንፉና ‹ተሳስቻለሁ› ይበሉ። እናንተ ልጆች፣ ድንኳኑን መልሱ!»

ጋሽ ጆቴም ሄዱ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጡሩምባ፣ «ሁንዴ አልሞተም! ተኝቷል! ሁንዴ ተኝቷል!» እያሉ ሰፈሩን ዞሩት። እኔ እዚያው ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ተቀመጥኩና ያኔ ገና አለቀስኩ።

እማማ ቡዜ ግን አልተረጋጉም። በደጅ የቆመ የለቅሶ ድንኳን ሰው ሳይገባበት አይመለስም ይሉ ነበር። ጉዲቱ አልሳቀችባቸውም። ድንኳኑን አየች። ጋሪውን አየች።

«እማማ፣ ሰው ይግባበት ከሆነ ሰው ሞልቷል» አለች። «አስታማሚው ሁሉ በሆስፒታሉ ግቢ በፀሐይ እየነደደ ነው። እዚያ ይተከል።»

የሁንዴ የለቅሶ ድንኳን በሆስፒታሉ ግቢ ተተከለ። ጠያቂው ሁሉ እዚያ ገባ። ተቀመጠ፣ ተጫወተ፣ የበሽተኛውን ወሬ ከአስታማሚው ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ዋርድ ውስጥ ገብቶ የሚስም ጠፋ። ዶክተር አምባዬ፣ እርስዎም «ይህን ማን ፈቀደ?» ብለው ተቆጥተው ወጡ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሰጡዎት፤ ጥላው ሥር ቆመው ጠጥተው ዝም ብለው ተመለሱ። ያየ ሰው አለ።

መድኃኒቱ ከከተማው የጠፋ ጊዜም መላ የተገኘው ከዚያ ድንኳን ነው። ጉዲቱ የዴክሳውን ባዶ ካርቶኖች ለሹፌሮች አደለች። «በምትደርሱበት ሁሉ ለመድኃኒት ቤቱ ይህን አሳዩ» አለች። አሰላ የወጣው ባዶ እጁን መጣ። ሻሸመኔ የወረደው ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ሲንከራተት ውሎ፣ አባባ መርጋን ፈልጎ አገኛቸው። እሳቸው ይዘውት ኩየራ የሚስዮኑ ክሊኒክ ሄደው መድኃኒቱን ለምነው አገኙ። አባባ፣ ያን ቀን ለማን እንደለመኑ አያውቁትም ነበር። ይኸው ሁንዴ። ከኋላዎ ቆሟል።

አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ሳየው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ አልኩ።

«ገመዱን አጥብቀው» አለ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ሸራውን እያሰረ ነበር! ጉዲቱን ጠራኋት። እሷም ጎንበስ ብላ «አጥብቄዋለሁ፤ አሁን ውረድ» አለችው። ዓይኑን ገለጠ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን ጉዲቱን ያወቅኋት ከዚህ በኋላ ነው።

ሁንዴ ቤቱ ገባ። መርፌው ቀርቶ ክኒን ሆነ። ያው ዴክሳ ነው። ጉዲቱ አስቀመጠችውና «አንተ ሹፌር ነህ። ቁልቁለት ሞተር አጥፍተህ ትወርዳለህ?» አለችው።

«አብጃለሁ እንዴ? ፍሬን ይከዳኛል።»

«ይኸም እንደዚያ ነው። ይህን መድኃኒት ሰውነትህ ራሱ በጥቂቱ ይሠራው ነበር። ከውጭ ሲመጣለት መሥራት ተወ። ማርሽ እየቀነስክ፣ እየቀነስክ ነው የምትወርደው። በአንድ ጊዜ ካቆምክ ይከዳሃል።»

ገባው። እኔም ገባኝ። ግን እኔ በጠዋት ጆንያ ልሰፋ እወጣለሁ፤ የሁንዴም ራስ ገና ነገር ይረሳ ነበር። ክኒኑን የሚሰጡት እማማ ቡዜ ሆኑ።

የሁንዴ ጉንጭ መሙላት ጀመረ። የራስን እብጠት አብርዶ ጉንጭ የሚያሳብጥ መድኃኒት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊቱ ክብ ሆነ። ረሃቡም አይጣል ነው። ዓመቱ ደግሞ ሰባ ሰባት ነው። የሰው ሁሉ ጉንጭ በጎደለበት ዓመት የሁንዴ ጉንጭ ሞላ። ጎረቤት እየመጣ «አረጋሽ፣ ምን አበላሽው?» ይለኛል። «እኔንም ያን ክኒን ባስዋጥሽኝ» ያለችኝም አለች። ጉዲቱ «ይህ ውፍረት አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው። ሲቀንስ ይጎድላል» ትላለች። ማን ይሰማታል?

አሁን የምናገረውን እማማ ቡዜ ራሳቸው «ሳትናገሪ እንዳትቀሪ» ብለውኛል። ይኸው አሁንም «ንገሪ! ንገሪ!» እያሉኝ ነው። እሺ እማማ።

ሎሚ የሁንዴ ታናሽ እህት ናት። ለጥር ለአቦምሳ ሰው ለቀነዓ ልትዳር ተጠይቃ ነበር። የቀነዓ አክስት አይተዋት «ልጅቷ መልካም ናት፤ ግን ነፋስ ይወስዳታል» ብለው ኖሯል። ይህች ቃል እማማ ቡዜ ጆሮ ገባች።

እማማ ቡዜ ቤት አንድ ሰው ብቻውን በልቶ አያውቅም። እንቁላል ቢገኝ ለሁለት ይከፈላል። ክኒኑንም እንደ እንቁላሉ ከፈሉት። መጀመሪያ ከሁንዴ ድርሻ ጥቂት ለሎሚ ሰጡ። ኋላ «እሱ ሞልቶለታል፤ አሁን ለእሷ ይድረሳት» ብለው ሁሉንም ለእሷ አደረጉት። ክፋት ነበረበት? እናንተው ፍረዱ። እናት ናቸው። አንዱ ልጃቸው ሲሞላ፣ አንዷ ከስታ አዩ። አካፈሉ።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ የቀነዓ ሽማግሌዎች ከአቦምሳ መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል። ሁንዴ ከጓዳው ተኝቷል። ያስመልሰዋል። ላቡ ቀዝቃዛ ነው። እጁን ላነሳው ስል እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ። «ራሱ ተመለሰበት!» አሉ ሁሉም። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ጉዲቱን ጠራኋት። ፀጉሯን ታጥባ ነበር፤ ውሃው በትከሻዋ ላይ እየወረደ መጣች።

የደም ሥሩን ያዘች። ዓይኑን ገልጣ አየች። «ክኒኑን ወስዷል?» አለች። ያኔ ሎሚ ውሃ ይዛ በበሩ ገባች። ጉዲቱ ቀና ብላ አየቻት። ወደ ሁንዴ ዞረች። እንደገና ሎሚን አየች።

«ሎሚዬ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ይህን ጉንጭ ማን ሰጠሽ?»

የውሃው ጣሳ ከሎሚ እጅ ወደቀ። እማማ ቡዜ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። አፌን ከፈትኩ። እኔ ዝምተኛዋ፣ በዚያች ደቂቃ ለአማቴ ልናገር የነበረውን ቃል ዛሬ በመቃብር ፊት አልደግመውም። ጉዲቱ ክንዴን ጨበጠችኝ።

«አሁን የሚያስፈልገው መርፌ ነው፤ ጥፋተኛ አይደለም» አለችኝ።

ከሳሎን «ምን ተገኘ?» የሚል ድምፅ መጣ። አስቡት። ነገሩ ያን ቀን ቢሰማ የሎሚ ሠርግ ይቀር ነበር። የእማማ ቡዜም ስም። ጉዲቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ራሷን አወጣችና «ደኅና ነው አባቶቼ፤ መድኃኒት ጎድሎበት ነው። ሆስፒታል አድርሼው እመለሳለሁ። እናንተ ተጫወቱ» አለች። ሐሰት አለው? የለውም። በሩን ዘጋችው።

በጋሪ ወሰድነው። ዶክተር አምባዬ ግሉኮስ ሰቀሉለት፤ ያንኑ መድኃኒት በመርፌ መለሱለት። ምን እንደሆነ ለእሳቸው ብቻ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ሁንዴ ፀሐይ ሳትጠልቅ «እራት የለም?» አለ።

የሎሚ ሠርግ በጥር ተሠረገ። ጉዲቱ እሷንም ከወንድሟ ጋር ማርሽ እያስቀነሰች አወረደቻት። «በሠርግሽ ቀን የራስሽን ፊት ይዘሽ ግቢ» አለቻት። ከስታ ገባች። ነፋስም አልወሰዳትም፤ ያቻትና፣ የሁለት ልጆች እናት። ቀነዓ፣ አንተ ይህን ዛሬ ነው የሰማኸው? እየሳቀ ራሱን ነቀነቀ። ሎሚ ነግራዋለች ማለት ነው። በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ከጉዲቱ አፍ ግን አልወጣም። ለእኔ እንኳ አንድ ቀን መልሳ አላነሳችብኝም።

ጉበቷ ታሞ አልጋ ስትይዝ የሚጠይቃት ሰው እስከ መንገድ ተሰለፈ። እኔም ከእሷ የተማርኩትን ላደርግ በሩ ላይ ቆምኩ። «ከእግሯ ሳሙ» አልኩ። ከውስጥ ጠራችኝ።

«አረጋሽ፣ የእኔ ራስ አልተመታም» አለችኝ። «አስገቢያቸው። ይሳሙኝ።»

ሳሟት። ሁላችሁም ሳማችኋት። ጋሽ ጆቴ ግንባሯን ሳሙና «ለአንቺስ አልነፋም» አሏት። እሷም «ሲያረጋግጡ ነው የሚነፉት፣ ጋሽ ጆቴ። መጀመሪያ መርፌ የወጋኝ እንዳለ ይጠይቁ» አለቻቸው።

ዛሬ አረጋግጠው ነፉ። ማንም ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አላለም። «ድንኳኑን መልሱ» የሚል አልተገኘም። ያንኑ ድንኳን በደጇ ተክለን፣ ከሥሩ ተቀምጠን አልቅሰን መጣን።

የእድራችን ዳኛ፣ አንድ ልመና አለኝ። የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው። የሰልስቷ ዕለት ድንኳኑ ሲነሳ ወደ ዕቃ ቤት አይመለስ። ክረምት እየገባ ነው። አስታማሚው በሆስፒታሉ ግቢ ዝናብ ይመታዋል። እዚያ ይተከል። ለሌላ ለቅሶ ስትፈልጉት ታነሱታላችሁ። ... ዳኛው ራሳቸውን ነቅንቀዋል፤ አይታችኋል፣ ሰምታችኋል።

አባባ መርጋ፣ ይጽኑ። ልጅዎን እኛ ተካፍለናታል። ብቻዎን አያለቅሷትም።

ጉዲቱ ኮ፣ የእኔ ጉዲቱ፣ እኔ እንግዲህ ነገር መቋጨት አልችልበትም። አንቺ የምትወጂው ዓይነት ስንብት አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ከዚያ እሑድ በማግስቱ ጠዋት ያደረግሽውን ለእነዚህ ሰዎች እናገራለሁ፤ ከዚያ እቀመጣለሁ። ነጋቲ፣ እህቴ። በሰላም ሂጂ።

ወገኖቼ፣ ሰኞ ጠዋት ነበር። ወደ ሥራ ስትሄድ በደጃችን ጋሪ አስቆመች። እማማ ቡዜን ደግፋ አወጣቻቸው። ሎሚን በነጠላ ሸፋፍና አሳፈረቻት። ሆስፒታል ደረሱ። ሁንዴ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ አጠገቡ። የክኒኑን ጠርሙስ እኔ ይዤዋለሁ፤ ከእንግዲህ ለማንም ላልሰጥ ወስኛለሁ። ጉዲቱ ገዋኗን ለበሰች። የስኒ ማስቀመጫ አመጣች። ገልብጣ አስቀመጠችው። ከኪሷ አዲስ ምላጭ አወጣች። እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፤ ጠርሙሱን ሰጠኋት። አንድ ክኒን አውጥታ በምላጩ ከፈለች። አንዱን ቁራጭ ለሁንዴ፣ አንዱን ለሎሚ ሰጠች። ውሃ አጠጣቻቸው። «አፋችሁን ክፈቱ» ብላ አየች። በጣቷ ዱቄቱን ከማስቀመጫው ላይ ጠረገች። ከዚያ ጠርሙሱን ከደነች። ለእኔ አልመለሰችውም። ጎንበስ አለችና እማማ ቡዜ መዳፍ ላይ አኖረችው፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ በላዩ አጠፈች።

«እማማ፣ ማካፈሉን እርስዎ ያውቁበታል» አለቻቸው። «አከፋፈሉን እኔ አሳይዎታለሁ።»

ምላጩን ሰጠቻቸው። የሚቀጥለውን እሳቸው ቆረጡ። አየችው። «ጎሽ» አለች።

ከዚያ እጇን ታጠበች። ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች።